ዝናባማ ቀን በሴንት አይቭስ፤ የባሕር ዳር የሥዕል ዐውደ ርዕዮችን ለማየት ዝርዝር መመሪያ

ሴንት አይቭስ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ኮርንዎል ውስጥ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሠዓሊዎች የዓሣ መጋዘኖቿን እየተከራዩ ሲሠሩባት ስለኖሩ፣ ዛሬ በእግር ተዙሮ በሚያልቅ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ሙዚየም፣ የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ስፍራ፣ የሠዓሊ ማኅበራት ጋለሪዎችና ስመ ጥር የሸክላ ሥራ ቤት ይገኙባታል። በሰመር ሕዝቡ የሚመጣው ለአሸዋው ነው። ሥዕል ለማየት ግን ዝናባማውን ወቅት ምረጡ። ክፍሎቹ ጭር ይላሉ፣ ከሠዓሊው ጋር ቆሞ ማውራት ይቻላል። እዚያ ከተሠራው ሥራ ብዙው ደግሞ ከዚያው ግራጫ ባሕርና ቶሎ ቶሎ ከሚለዋወጠው ብርሃን የተቀዳ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ከመስኮቱ ውጭ ካለው ጋር እያስተያያችሁ ታዩታላችሁ።

ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። ሰው ጣሪያ የሌለውን ቦታ በዶፍ ይደርስበታል፤ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ደግሞ ቤት ውስጥ ይሆናል። ሁለተኛው ስህተት ቦታ ማብዛት ነው። ሁለቱን የማኅበር ጋለሪዎች እንደ አንድ ቆጥረን አራት ቦታ ይበቃል፤ አምስተኛው ላይ ዓይን ያያል እንጂ አይመለከትም።

ከዋዜማው ጀምሮ

ቀኑን ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ካሉት ምረጡ። ከኦክቶበር እስከ ማርች ብዙ ቦታ ሰኞ ይዘጋል፤ ትንንሾቹ የግል ጋለሪዎች ከገና በኋላ ለሳምንታት የሚዘጉበት ጊዜም አለ። ትልቁ ሙዚየም፣ ቴት ሴንት አይቭስ፣ ዐውደ ርዕይ ሲቀይር የተወሰኑ ክፍሎቹን ስለሚዘጋ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በድረ ገጹ ላይ የዚያን ሳምንት ማስታወቂያ እዩ። ይህን ያላየ ሰው ሙሉ መንገድ ተጉዞ ግማሽ ሙዚየም አይቶ ይመለሳል።

ማታ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ የየሰዓቱን ዝናብ፣ የነፋሱን ፍጥነትና የባሕሩን ሙላት ሰዓት። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እየተነዳ በየተራ ይመጣል፤ በሁለት ዶፍ መካከል ጋብ የሚልበት ጊዜ አለ። የቀኑ እቅድ የሚሠራው በዚያ ክፍተት ነው። ጠዋት ላይ የዝናብ ራዳር የሚያሳይ መተግበሪያ ከፍታችሁ ክፍተቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያርፍ በግምት ያዙ። የባሕሩ ሙላት ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ሲገጥም በወደቡ ዳር ያለው መንገድ ላይ ማዕበሉ እየዘለለ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቀን ከወደቡ ዳር ራቁና በውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ፣ በፎር ስትሪትና በባክ ሮድ በኩል ተመላለሱ።

ዣንጥላ ተዉት። በዚያ ነፋስ ሁለት ጥግ ሳታልፉ ይገለበጣል፤ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ላይ የሌላውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ ጋለሪ ስትገቡ ደግሞ ውኃው በወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ውኃ የማያሳልፍ፣ ኮፍያው በገመድ የሚጠበቅ ጃኬት ይዛችሁ ውጡ። ጂንስ አትልበሱ፤ አንዴ ከራሰ እስከ ማታ አይደርቅም፣ ቅዝቃዜውም እስከ አጥንት ይዘልቃል። ጫማው የጎማ ሶል ያለው ይሁን። መንገዶቹ እንደኛ አገር ኮብልስቶን በድንጋይ የተነጠፉና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው፤ ሲረጥቡ ለስላሳ የቆዳ ሶል ያንሸራትታል። የሕፃን ጋሪ ላላችሁ ይህ ቁልቁለት ከባድ ስለሆነ ማዘያ ይሻላል። በቦርሳው ውስጥ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ ትንሽ ፎጣ፣ እርሳስ፣ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት ትልልቅ ወፍራም ፌስታል አስገቡ። አንዱ ፌስታል ለረጠበው ጃኬት ነው፤ ሁለተኛው ማታ ሥራ ይኖረዋል። እርሳስ ያልነው ብዙ ሙዚየሞች በሥራዎቹ አጠገብ እስክሪብቶ ስለማይፈቅዱ ነው።

መድረስ

ከለንደን ፓዲንግተን ተነስቶ ሴንት ኧርዝ ጣቢያ ለመድረስ ባቡር ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከለንደን ለሚመጣ ሰው ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይመከርም። ወይ አንድ ሌሊት ማደር፣ ወይ ከቅዳሜ በስተቀር በየማታው ከፓዲንግተን ወደ ፔንዛንስ በሚሄደው የመኝታ ባቡር መምጣት ነው። ይህ ባቡር ሴንት ኧርዝ ላይ ስለሚቆም ጠዋት ከተማው ሳይሞላ ያደርሳችኋል። ከፕሊመዝ 2 ሰዓት ገደማ ነው።

ሴንት ኧርዝ ላይ ወርዳችሁ በ1877 የተከፈተችውን አጭር መስመር ትይዛላችሁ። ጉዞው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። በስተቀኝ ባለው መስኮት ተቀመጡ፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። መስታወቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ በፎጣው ጥረጉትና የካርቢስ ቤይን ውኃ ቀለም አጢኑት። ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ደመናማ ቀን እንኳ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህንን ቀለም ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ። በመኪና የምትመጡ ደግሞ መኪናውን ሴንት ኧርዝ ላይ ትታችሁ በባቡር ግቡ፤ የከተማዋ መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ የመኪና ማቆሚያዎቹም በዳገት ላይ ስለሆኑ በዝናብ ወጥቶ መውረዱ ያደክማል።

የመጀመሪያው ውሳኔ፤ ሰማዩን አይቶ

ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ሰዓት በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው። 10፡00 ላይ ከጣቢያው ስትወጡ ካፊያ ከሆነ ወይም ዝናቡ ጋብ ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በቀጥታ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪዋ ባርባራ ሄፕወርዝ ሙዚየም ሂዱ፤ 10 ደቂቃ ገደማ በእግር ነው። ዶፍ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቴት ግቡ፤ ክፍተቱ ሲመጣ ወደ ሄፕወርዝ ውጡ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ መቀያየሩ አይከብድም። ትኬት ስትቆርጡ ለሁለቱም የሚያገለግል የጋራ ዋጋ እንዳለ ጠይቁ። ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆናችሁ በነፃ በሚመዘገቡበት ቴት ኮሌክቲቭ አማካይነት በ5 ፓውንድ ትገባላችሁ።

ሄፕወርዝ ከ1949 ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 1975 የሠራችበት ይህ ቤት በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። በቤቱ ውስጥ ብዙ አትቆዩ፤ የድንጋይና የእንጨት ሥራዎቹን 20 ደቂቃ አይታችሁ ወደ አትክልት ስፍራው ውጡ። ሥራዎቹን ያቆመቻቸው ራሷ ናት፤ በተክሎቹ መካከል በየቦታቸው እንዲታዩ አድርጋለች። ነሐስ ሲረጥብ ደረቅ ሳለ የማይታየው ይወጣል። አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ቡናማው ወደ ወርቅ ያደላል፣ በገጹ ላይ ያለው የመሣሪያ ጭረት እያንዳንዱ ለየብቻው ያበራል። ከፍ ያለውን ባለ አራት ክፍል ሥራ፣ በ1966 የሠራችውን «ፎር ስኩዌር፣ ዎክ ስሩ»ን ፈልጉ። ስሙ እንደሚለው በመካከሉ ማለፍ ይቻላል። ወደ ውስጥ ገብታችሁ በክብ ቀዳዳዎቹ አሻግራችሁ ስታዩ ቅጠሉና የከተማው ጣሪያ እንደ ሥዕል ተከብበው ይታያሉ። ከቀዳዳው ከንፈር ላይ ጠብታው ተንጠልጥሎ፣ ተጠራቅሞ፣ ሲወርድ ጠብቁት፤ ያ ከንፈር ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተድቦለቦለ የምታውቁት በዚያች ጠብታ አካሄድ ነው። እጃችሁን ግን ከነሐሱ አርቁ፤ የእጅ ላብ ውስጥ ያለው ጨውና ቅባት ቀለሙን ይበላዋል። መተላለፊያው ላይ የወደቀው ቅጠል ስለሚያንሸራትት ወደ ኋላ ሳትሉ ወደፊት እያያችሁ ተራመዱ፤ ብዙ ሰው ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነው የሚወድቀው።

ዝናቡ ከበረታ በዚያው ግቢ ያሉት የሥራ ክፍሎቿ ዘንድ ተጠለሉ። መሮዎቿ፣ መዶሻዎቿና የጄሶ ቅርጾቹ እንደነበሩ ተቀምጠዋል። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የቆመውን፣ ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ለነበረው ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የሆነውን ግዙፍ ነሐስ የሠራችው ይህችው ሴት መሆኗን እዚህ ጠባብ ክፍል ደጃፍ ቆሞ ማሰብ ደስ ይላል።

ቴት፤ ለከባዱ ዶፍ የሚቀመጥ ሰዓት

ቴት ሴንት አይቭስ በ1993 የተከፈተው የድሮ የጋዝ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ፣ በፖርትሚዮር ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። ክብ የሆነው መግቢያው በፋብሪካው የነበረውን ክብ የጋዝ ማጠራቀሚያ ያስታውሳል። መግቢያው ወደ ባሕሩ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ ዝናቡን እየነዳ ያስገባዋል፤ ወለሉ ላይ ተጠንቀቁ። ገብታችሁ የረጠበውን ጃኬት በፌስታሉ አድርጉና ከቦርሳው ጋር ለማስቀመጫው ስጡ። የሥዕል ክፍሎች እርጥበታቸው በቁጥጥር የተያዘ ነው። ውኃ የሚንጠባጠብ ልብስ ያንን ያዛባል፤ ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ደግሞ ዞር ሲሉ ሥራ ይመታል።

ለቴት 2 ሰዓት መድቡ። መጀመሪያ የሠዓሊውን የፓትሪክ ሄሮንን ባለ ቀለም መስታወት እዩ፤ ለዚሁ ሕንፃ በ1992 እና 1993 የተሠራ ነው። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይይዘዋል። አፈወርቅ ሰዎቹን በጥቁር መስመር ከፋፍሎ ታሪክ ያስነግራቸዋል፤ ሄሮን ደግሞ የእርሳስ ክፈፉን ጭራሽ አስወጥቶ ቀለምን ከቀለም ጋር በቀጥታ ያጋጥማል። ፀሐይ ባለበት ቀን ቀለሙ ወደ ወለሉ ይፈስሳል፣ ዓይንም ወደዚያ ይሄዳል። በደመናማ ቀን ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል ስለሚመጣ ቀለሙ መስታወቱ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ጠርዝ ቀርባችሁ የምታጠኑት ያኔ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ክፍል አንድ ጊዜ ሳትቆሙ ዙሩ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። አምስት ሥራ ምረጡና ተመልሳችሁ ለእያንዳንዱ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ስጡ። መጀመሪያ ከራቅ ብሎ፣ ቀጥሎ ክንድ በሚደርስበት ርቀት፣ በመጨረሻ ወደ ጎን ዞር ብሎ ብርሃኑ ገጹን ሲልሰው። የጎን እይታው የቀለሙን ውፍረትና ሠዓሊው የት እንደፋቀ ይናገራል። በየመሃሉ ወደ ባሕሩ መስኮት ሄዳችሁ አድማሱ የት እንዳለ እዩ። በዝናብ አድማሱ ይጠፋል፣ ሰማይና ውኃ አንድ ይሆናሉ። ስለ አድማስ የሌላቸው ሥዕሎች ጥያቄ የነበረው ሰው መልሱን እዚያው ያገኛል።

የአልፍሬድ ዋሊስ ሥራ በዕለቱ ተሰቅሎ ከሆነ ከአምስቱ አንዱ እሱ ይሁን። ባሕርተኛ የነበረ፣ ኋላም ቁራሊዮ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በሰባ ዓመቱ ገደማ መሣል ጀመረ፤ በጀልባና በቤት ቀለም፣ በተቀደደ ካርቶን ላይ። በ1928 ሠዓሊዎቹ ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ በቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ አዩት፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠዓሊ ከእሱ ተማረ። የካርቶኑን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ጠማማ ሆኖ ከተገኘ መርከቧም እንደ ጠማማው ታዘነብላለች። ካርቶኑ ራሱ ያልተቀባ ሆኖ የቀረበት ቦታ አሸዋ ወይም ሰማይ ሆኖ ያገለግላል። በ1942 ሞቶ የተቀበረው ከቴት በላይ ባለው በባርኑን መቃብር ስፍራ ነው። መቃብሩን ሸክላ ሠሪው በርናርድ ሊች በሠራቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አልብሶታል፤ የመርከቦች መብራት ማማና አንድ ትንሽ ሰውዬ ተሥለውባቸዋል። ዝናቡ ጋብ ሲል 5 ደቂቃ ወጥቶ ማየት ነው። የረጠበው ልባጥ ገና ከእቶን የወጣ ይመስላል።

ምሳ

13፡00 አካባቢ ብሉ። የአገሩ ምግብ ፓስቲ ነው፤ በሊጥ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙ፣ «አይብና ሽንኩርት» የሚለው የጾም አይደለም፤ የአትክልት የሚለውም ሊጡ ውስጥ ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። «ቪጋን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሙስሊሞችም ሥጋው ሐላል ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ የቪጋኑ ለሁሉም ያስማማል። በእጃችሁ ይዛችሁ ወደቡ ላይ አትብሉ። የባሕር ወፎቹ ከኋላ መጥተው በአንድ ምት ይነጥቃሉ፣ በዝናብም አያርፉም። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ወይም ቤት ውስጥ ብሉ። ካልሲ የምትቀይሩት አሁን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ግማሽ ቀን በዚህ ይወሰናል።

የማኅበራቱ ጋለሪዎች

ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍል ለአካባቢው ሠዓሊዎች ነው፤ በእኛ ግምት ከቀኑ ሁሉ ሕይወት ያለበት ይህ ነው። የሴንት አይቭስ ሠዓሊዎች ማኅበር በ1927 የተመሠረተ ሲሆን ጋለሪው በድሮ የባሕርተኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በኖርዌይ አደባባይ ነው። ከሥሩ ያለው ምድር ቤት ለሠዓሊዎች በኪራይ ስለሚሰጥ የሚታየው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። በ1946 ሠዓሊው ፒተር ላንየንና ጓደኞቹ አዲሱን አሣሣል ያሳዩት በዚሁ ምድር ቤት ነበር። የፔንዊዝ ማኅበር ደግሞ በ1949 ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ጋለሪው ባክ ሮድ ዌስት ላይ፣ ድሮ ሰርዲን ይታሸግበት በነበረ ሰፊ ቤት ውስጥ ይገኛል። ጊዜ ካጠረ ሁለቱን ምረጡና የግል ሱቆቹን እለፉ።

ከሥዕሉ አጠገብ ቀይ ነጥብ ካለ ተሽጧል ማለት ነው። ዋጋው ካልተጻፈ ዝርዝሩን ጠይቁ፤ መጠየቅ የመግዛት ግዴታ አያመጣም። ጋለሪውን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ከማኅበሩ ሠዓሊዎች አንዱ ነው። «ይህን ምን ያህል ጊዜ ወሰደብህ» ከማለት ይልቅ «መጨረሻ ላይ ምኑን ቀየርክ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወሬው ወዲያው ሥራው ውስጥ ይገባል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ለትንሽ ኪስ የሚሆነው የኅትመት ሥዕል ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እሱ ላይ ነው። ከሥር በእርሳስ 12/75 ዓይነት ቁጥር ካለ ከ75 ቅጂዎች 12ኛው ማለት ነው። ቁጥርና ፊርማ ብቻውን ግን በእጅ የታተመ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከኮምፒውተር በቀለም ማተሚያ የወጣ ቅጂም ይፈረምበታል። ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ከሆነ በሥዕሉ ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ጎድጓዳ ጠርዝ አለ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የእንጨት ወይም የሊኖሊየም ከሆነ ቀለሙ ጥቅጥቅ ያለና በጠርዙ ትንሽ ያበጠ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ ሁሉም ነገር በደቃቅ ነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የማሽን ቅጂ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

የሊች ሸክላ ቤት

ከመሃል ከተማ ስቴናክ የሚባለውን ዳገት 20 ደቂቃ ገደማ መውጣት ይጠይቃል። ዝናቡ ካላባራ ከባቡር ጣቢያው በላይ ካለው ማላኮፍ አውቶቡስ ያዙ። ከ15፡00 በፊት ድረሱ፤ ዘግይቶ የሚሄድ ሰው ሱቁን ብቻ አይቶ ይመለሳል። በርናርድ ሊችና ጃፓናዊው ሾጂ ሐማዳ በ1920 መሠረቱት፤ በምዕራቡ ዓለም የመጀመሪያ የሆነው ባለ ሦስት ክፍል የጃፓን ዓይነት ዳገታማ እቶን እዚያው ይታያል። እሳቱ ከታችኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ላይ ስለሚወጣ የአንዱ ክፍል ሙቀት ቀጣዩን ያሞቃል።

የኛ ጀበና በክፍት እሳት፣ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚቃጠል ገላው ውኃ ይመጥጣል። የዚህ ቤት ሸክላ ግን 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚደርስ ጭቃው ራሱ ድንጋይ ይሆናል። ለቡና እጀታ የሌለው ትንሽ ኩባያ የምትገዙ ከሆነ ገልብጣችሁ የታችኛውን ቀለበት በጣት ዳስሱት፤ የሚያሻክር ከሆነ ጠረጴዛ ይቧጭራል። በጥፍር መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድምፁ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ከሥሩ የቤቱን ማኅተም ፈልጉ።

የገዙትን ሳይረጥብ ማድረስ

ሥዕል ከገዛችሁ ጋለሪው እንዲጠቀልልላችሁ ጠይቁ፣ አጠቃለሉንም ቆማችሁ እዩ። መጀመሪያ አሲድ የሌለበት ስስ ወረቀት፣ በአራቱ ማዕዘን ካርቶን፣ ከዚያ ባለ አረፋው ላስቲክ። አረፋው ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ በቀለሙ ላይ ክብ ክብ ምልክት ያትማል። መስታወት ያለው ፍሬም ከሆነ በመስታወቱ ላይ በወረቀት ፕላስተር የ«X» ምልክት ይለጠፍ፤ ቢሰበር ስብርባሪው ሥዕሉን እንዳይቆርጥ ይይዘዋል። የዘይት ቀለም ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥር ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። አዲስ ከሆነ ገጹን ምንም የማይነካበት ሳጥን ያስፈልገዋል። በወረቀት ላይ ያለ ሥራ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ተዘርግቶ ይሂድ፤ መጠቅለል ግድ ከሆነ ወፍራም ቱቦ ይሁን፣ በጠባብ ቱቦ የተጠቀለለ ወረቀት መስመር ይዞ ይቀራል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ያንን ሁለተኛውን ፌስታል ከላይ አልብሱና አፉን ወደ ታች አዙሩት። ከክንድ ርዝመት የሚበልጥ ሥዕል በባቡር አትያዙ፤ በዚያ ነፋስ እንደ ሸራ ይወስዳችኋል፤ እንዲላክላችሁ ተስማሙ።

ቤት ስትደርሱ ጥቅሉን ወዲያው አትፍቱ። ከቅዝቃዜ የገባ መስታወት በሞቀ ክፍል ውስጥ ላብ ያወጣል፣ ላቡም ወደ ወረቀቱ ይገባል። የረጠበውን ፌስታል ብቻ አውጡና እስከ ማግስቱ ጠዋት ከማሞቂያው ርቆ ይደር፤ ከዚያ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አስወግዱ። በላስቲክ ውስጥ የቆየ ሥዕል ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ስትሰቅሉም ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይሁን፣ ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳም አይሁን፤ በተለይ የውኃ ቀለም በጥቂት ዓመታት ይደበዝዛል።